የሆስፒታል ባዮኬሚስት መሆን፦ ከኤቨሊን ሂክማንስ ሕይወትና ከደብረ ብርሃን ላቦራቶሪ የተማርኩት

ይህን የምጽፈው የሕክምና ላቦራቶሪ ትምህርት ለጀመሩ ወይም ለመጀመር ለሚያመነቱ፣ በተለይም ከመንዝ፣ ከመርሐቤቴ፣ ከይፋትና ከቡልጋ መጥተው ደብረ ብርሃን ላይ ለሚማሩ እኅቶቼ ነው። እኔ በዚሁ በሰሜን ሸዋ ተወልጄ ያደግሁ ስሆን፣ የሥራ ዘመኔን አብዛኛውን ክፍል ያሳለፍሁት በሆስፒታል ላቦራቶሪ፣ በክሊኒካል ኬሚስትሪ ክፍል ነው። ለልምምድ ወደ እኛ የሚመጡትን ተማሪዎች ይህን ሙያ ለምን እንደመረጡ ስጠይቃቸው፣ ብዙዎቹ አንገታቸውን ደፋ አድርገው «ለሕክምና ነጥብ ስላልመጣልኝ ነው» ይሉኛል። ሙያው የሌላ ሙያ ማካካሻ ተደርጎ መታየቱ ከልብ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም በሆስፒታል ውስጥ ያለች አንዲት ባዮኬሚስት የስንት ሰው ሕይወት ልትለውጥ እንደምትችል ከራሴም ሥራ፣ ከእኔ በፊት ከነበሩት ሴቶች ታሪክም አይቻለሁ። ከእነዚያ ሴቶች መካከል ለእኔ ትልቅ አርአያ የሆነችው እንግሊዛዊቷ ዶክተር ኤቨሊን ሂክማንስ ናት።

ስሟን ያገኘሁት ለሁለተኛ ዲግሪዬ ስማር፣ ሕፃናት ይዘዋቸው ስለሚወለዱ የሜታቦሊዝም በሽታዎች ሳነብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1953 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ በወጣ ጥናት ሥር ሦስት ስሞች ተጽፈው አየሁ፤ ሆርስት ቢክል፣ ጆን ጄራርድ እና ኤቨሊን ሂክማንስ። ሁለቱ የሕፃናት ሐኪሞች ሲሆኑ፣ ሦስተኛዋ የበርሚንግሃም ሕፃናት ሆስፒታል ባዮኬሚስት ነበረች። የላቦራቶሪ ባለሙያ ስም ከሐኪሞቹ ስም ጋር እኩል ተሰልፎ ሳይ፣ ያን ጊዜ በነበርኩበት ሁኔታ፣ ነገሩ በጣም አስገረመኝና ስለ እርሷ የተጻፈውን መፈለግ ጀመርኩ።

ሂክማንስ ወደዚያ የሕፃናት ሆስፒታል ላቦራቶሪ የገባችው በ1920ዎቹ ሲሆን፣ በዚያው ቦታ እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ሠርታለች። ዘመኑ ለሳይንስ ሴቶች እንዴት ያለ እንደነበር ለመረዳት ሁለት ነገር ማስታወስ ይበቃል። የብሪታንያ የሳይንስ አካዳሚ የሆነው ሮያል ሶሳይቲ ሴቶችን በአባልነት የተቀበለው ገና በ1945 ሲሆን፣ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ሴቶች አንዷ ባዮኬሚስቷ ማርጆሪ ስቲቨንሰን ነበረች፤ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ለሴቶች ሙሉ ዲግሪ መስጠት የጀመረው በ1948 ነው። ሂክማንስ በዚህ ሁሉ ዘመን ሥራዋን ስትሠራ የቆየችው በታወቀ የምርምር ተቋም ውስጥ ሳይሆን፣ በየቀኑ የሕፃናት ደምና ሽንት በሚመጣበት የሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ታላቁ ሥራዋ የመጣውም ዕድሜዋ ስድሳን ካለፈ በኋላ ነበር። ዘግይቼ ጀመርኩ፣ ወልጄ አቋረጥኩ፣ ጊዜዬ አለፈ ለምትሉ ሁሉ ይህን ደጋግሜ እናገራለሁ።

ሥራው ምን እንደነበር በሚገባ ላስረዳ፤ ዝርዝሩን ሳያውቁ የላቦራቶሪዋን ድርሻ ማየት አይቻልምና። ፌኒልኬቶኑሪያ የሚባል በዘር የሚተላለፍ በሽታ አለ። በምንበላው ፕሮቲን ውስጥ ፌኒላላኒን የተባለ አሚኖ አሲድ ይገኛል፤ በጤነኛ ሰው ጉበት ውስጥ ያለ አንድ ኢንዛይም የተረፈውን ወደ ታይሮሲን ይለውጠዋል። ኢንዛይሙ የማይሠራለት ሕፃን ሲወለድ ጤነኛ ይመስላል፤ ነገር ግን ወተት መጥባት ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ፌኒላላኒኑ በደሙ ውስጥ እየተጠራቀመ አንጎሉን ይጎዳዋል። በጤነኛ ሕፃን ደም ውስጥ በዴሲሊትር ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም ገደማ የሚሆነው ፌኒላላኒን፣ በሽታው በጠናበት ሕፃን ከ20 ሚሊግራም በላይ ይወጣል። በሽታውን እ.ኤ.አ. በ1934 ያገኘው ኖርዌያዊው ሐኪም አስቢዮርን ፎሊንግ ነው። ወደዚያ ግኝት የመራችው ግን የአእምሮ እድገታቸው የተገታ ሁለት ልጆች የነበሯት እናት ናት፤ ከልጆቿ ሰውነት የሚወጣው ልዩ ሽታ ከሕመማቸው ጋር ይገናኝ እንደሆነ ሳትታክት ስትጠይቅ ኖራ በመጨረሻ ፎሊንግ ዘንድ ደረሰች። እርሱም ሽንታቸው ላይ ፌሪክ ክሎራይድ ጠብ ሲያደርግ አረንጓዴ ቀለም አገኘ። ምክንያቱ ተገኘ፤ መድኃኒቱ ግን ለዓመታት አልተገኘም።

በርሚንግሃም ላይም ነገሩን ያነሣሣችው እናት ናት። ሁለት ዓመት ገደማ የሆናት ሕፃን በሽታው ተገኘባት፤ መቆም አትችልም፣ መራመድ አትችልም፣ ለምግብም ለአካባቢዋም ግድ የላትም፣ ቀኑን ሙሉ ታለቅሳለች፣ ጭንቅላቷንም ታጋጫለች። እናቲቱ በሽታው ይህ ነው መባሉ አልበቃት ብሎ፣ በየማለዳው ከላቦራቶሪው ደጃፍ እየቆመች ለልጄ መፍትሔ ፈልጉላት እያለች ዶክተር ቢክልን ትወተውተው ነበር። ከዚያ በኋላ የተሠራው ሥራ የላቦራቶሪ ሥራ ነው። ለንደን ውስጥ ይሠራ የነበረው ሉዊስ ዉልፍ የሰጠውን ሐሳብ ተከትለው፣ ኬዝን የተባለውን የወተት ፕሮቲን ወደ አሚኖ አሲዶች ፈጭተው፣ በአሲድ በታጠበ የከሰል ዱቄት ውስጥ አሳለፉት። ከሰሉ ፌኒላላኒኑን ይይዘዋል፤ ታይሮሲንንና ትሪፕቶፋንንም አብሮ ስለሚወስድ እነዚህን መልሶ መጨመር ያስፈልግ ነበር። ሥራው በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ የሚከናወን ሲሆን፣ የተጣራው ፈሳሽ ፌኒላላኒን እንደሌለበት በወረቀት ክሮማቶግራፊ፣ ማለትም የፈሳሹን ውህዶች በወረቀት ላይ ለይቶ በሚያሳይ ዘዴ፣ ይታይ ነበር። ይህን ያህል ተደክሞ የተዘጋጀው ለአንዲት ሕፃን ነበር።

መጀመሪያ ላይ ፌኒላላኒን ጨርሶ የሌለበት ምግብ ስትመገብ በደሟ ያለው መጠን ወረደ፤ ሕፃኗ ግን ክብደት መቀነስ ጀመረች፣ በላቦራቶሪ የሚታየውም ነገር ተበላሸ። ምክንያቱ ፌኒላላኒን ሰውነት ራሱ ሊሠራው የማይችል፣ ለእድገትም የግድ የሚያስፈልግ አሚኖ አሲድ በመሆኑ፣ ከምግብ ጨርሶ ሲጠፋ ሰውነቷ የራሱን ሥጋ ማፍረስ መጀመሩ ነው። ጥቂት ወተት ተጨመረላትና ሚዛኑ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ዳኸች፣ ተደግፋ ቆመች፣ ዓይኗ ብርሃን አገኘ፣ ፀጉሯ ጠቆር አለ፣ ማልቀሷና ጭንቅላቷን ማጋጨቷ ቀረ። ለእኔ የዚህ ሁሉ ትምህርት በዚያ ጥቂት ወተት ላይ ነው። የጎዳትን ነገር ከምግቧ ማውጣት ብቻውን አላዳናትም፤ ያዳናት ምን ያህል እንደሚበቃትና ምን ያህል እንደሚበዛባት በልኬት ማወቅ ነው። ይህን የሚያውቀው ደግሞ ላቦራቶሪው ነው።

አንድ ያልተስማማሁበትን ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። ሐኪሞቹ ለውጡ ከምግቡ የመጣ መሆኑን ለማረጋገጥ፣ ለእናቲቱ ሳይነግሯት በቀን 5 ግራም ፌኒላላኒን በልጅቷ ምግብ ውስጥ ጨመሩ፤ ልጅቷ ያገኘችውን ሁሉ በጥቂት ጊዜ ውስጥ አጣች፤ እናቲቱም ደንግጣ መጣች። በኋላ ተነግሯት፣ በፈቃዷ፣ በሆስፒታል ውስጥ ሙከራው በድጋሚ ተደርጓል። ውጤቱ ዓለምን አሳምኗል፤ ያም ሆኖ የመጀመሪያው አደራረግ ዛሬ በየትኛውም የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፊት አያልፍም፣ ማለፍም የለበትም። እናትን ምስክር አድርጎ ነገሩን ከእርሷው መደበቅ ተገቢ አይደለም። ተማሪዎቼ ስለ ታካሚ ፈቃድ ሲማሩ ይህንኑ ምሳሌ አነሣላቸዋለሁ።

ሕክምናው ዘግይቶ ስለተጀመረ ያቺ ሕፃን ሙሉ በሙሉ አልዳነችም። በመንገዷ የተከተሉ፣ ከተወለዱ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምግባቸው የተስተካከለላቸው ሕፃናት ግን ጤነኛ ሆነው አድገው፣ ተምረው፣ ራሳቸው ወላጆች ሆነዋል። እ.ኤ.አ. በ1962 ለቢክል፣ ለጄራርድና ለሂክማንስ የጆን ስኮት ሽልማት በጋራ ተሰጥቷቸዋል።

አሁን ወደ ራሴ ሥራ ልመለስ። ከሂክማንስ ታሪክ የወሰድሁት ዋና ነገር፣ የሆስፒታል ባዮኬሚስት ማለት እናት ወይም አስታማሚ በራሷ አንደበት የምታቀርበውን ጥያቄ ወደሚለካ ነገር የምትለውጥ ሰው ናት የሚለው ነው። ለዚህ ደግሞ ከማሽኑ ፊት ተነሥቶ ወደ ዋርድ መሄድ ያስፈልጋል።

አንድ ጊዜ ከጣርማ በር በታች ካለ ቀበሌ የመጣች እናት ሦስት ዓመት ገደማ የሆናትን ልጇን ይዛ ሕፃናት ዋርድ ተኝታ ነበር። ልጅቷ በማለዳ ራሷን ስታ እየተገኘች ከአንድም ሁለት ጊዜ ወደ ድንገተኛ ክፍል መጥታለች፤ ካርዷ ላይ የሚጥል በሽታ ሊሆን ይችላል ተብሎ ተጽፏል፤ የደም ስኳሯ ግን በሁለቱም ጊዜ ጤነኛ ነው ተብሏል። የሌላ ታካሚ ናሙና ልወስድ ገብቼ እናቲቱን አነጋገርኋት። «እኅቴ፣ እኔ ያልተማርሁ ነኝ» አለችኝ፤ «ነገር ግን ልጄን የሚይዛት እራቷን ሳትበላ ያደረች ለታ ነው። በልታ ካደረች ይዟት አያውቅም። ይህን ብናገር የሚሰማኝ አጣሁ።» የድንገተኛ ክፍሉን መዝገብ ገልጬ ስመለከት፣ ደሙ የተወሰደው ግሉኮስ በደም ሥሯ ከተሰጣት በኋላ መሆኑን አየሁ። እንግዲህ የተለካው ሕመሟ ሳይሆን ሕክምናው ነበር ማለት ነው።

ለሕፃናት ሐኪሙ ነገርኩት፤ ነገሩን ወዲያው ተቀበለው። ከሲስተሮቹ ጋር ተስማምተን፣ ልጅቷ ሐኪምና ነርስ ባሉበት እየተጠበቀች፣ ስኳሯም በየሰዓቱ በጣት ምርመራ እየታየ፣ ሳትበላ የምትቆይበትን ጊዜ ቀስ በቀስ አራዘምነው፤ የሚሰጣት ግሉኮስም በስሪንጅ ተሞልቶ አጠገቧ ተቀምጦ ነበር። ንጋት ላይ ላብ አጠመቃት፣ ዓይኗም ፈዘዘ፤ በዚያችው ቅጽበት ደም ወሰድኩ፣ ሲስተርም ግሉኮሱን ወዲያው ሰጠቻት። ግራጫ ክዳን ባለው፣ ፍሎራይድ በተጨመረበት ቱቦ የወሰድሁትን ደም ራሴ ይዤ እየተጣደፍኩ ወደ ላቦራቶሪ ሄጄ፣ ፈሳሹን ከሴሎቹ በሚለየው ሴንትሪፉጅ ሳሽከረክረውና ስለካው የስኳሯ መጠን በዴሲሊትር 38 ሚሊግራም ወጣ፤ ሽንቷም ውስጥ ሰውነት ስኳር አጥቶ ስብ ሲያቃጥል የሚወጣው ኬቶን በብዛት ነበረ። ለሆርሞን ምርመራ የሚሆነው ሴረም (የረጋ ደም ሲሽከረከር ከላይ የሚቀረው ፈሳሽ) ተለይቶ ወደ አዲስ አበባ ተላከ፣ ውጤቱም ደህና ሆነ። ልጅቷ በዚህ ዕድሜ ባሉ ቀጫጭን ሕፃናት ላይ የሚታየው፣ ለረጅም ሰዓት ሳይበሉ ሲቆዩ የሚመጣው የስኳር ማነስ ነበረባት። መፍትሔውም ከመኝታ በፊት ማብላት፣ ስትታመምና ምግብ እንቢ ስትል ደግሞ ስኳር ያለበት መጠጥ ቶሎ ቶሎ መስጠት ነበር፤ አብዛኞቹ ሕፃናት ስምንትና ዘጠኝ ዓመት ሲሞላቸው ይተዋቸዋል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ነገር በጥብቅ እንዲያዝልኝ እፈልጋለሁ። ራሱን የሳተ ሕፃን ሲመጣ ደሙን አስቀድሞ መውሰድ ጥሩ የሚሆነው ጊዜ የማይፈጅ ከሆነ ብቻ ነው። ደም ሥር አልገኝ ካለ ግሉኮሱ ይሰጥ፤ ለናሙና ሲባል ሕክምና አይዘግይ። ቱቦውን ከግሉኮሱ ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ ማስቀመጥ ሁለቱንም ያስማማል፤ እኛም በድንገተኛ ክፍሉ እንዲሁ አድርገናል።

የእኛ ዞን ለናሙና አያያዝ ከባድ ቦታ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ በጥቅምትና በኅዳር ንጋት ውርጩ ውኃ ያረጋል፤ ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወረድ ደግሞ አየሩ ቆላ ነው። ደም ከሰው ከወጣ በኋላም ሕያው ነው። ቀይ የደም ሴሎች ስኳር መብላታቸውን ስለሚቀጥሉ፣ ሳይሽከረከር በክፍል ሙቀት የቆየ ደም በየሰዓቱ ከስኳሩ ከመቶ 5 እስከ 7 እጅ ያጣል፤ በቆላ ሙቀት ደግሞ ከዚህ ይፈጥናል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «እንግዲያው በበረዶ ይምጣ» ይላል። ቅዝቃዜው ግን በሴሉ ግድግዳ ላይ ሆኖ ፖታሲየምን ወደ ውስጥ የሚያስገባውን ፓምፕ ያቆመዋል፤ ፖታሲየሙም ከሴሉ እየሾለከ ወደ ፈሳሹ ይወጣል።

ይህ በእጄ ላይ የደረሰ ጉዳይ ነው። ከመንዝ በኩል ካለ ጤና ጣቢያ የአንዲት አዛውንት ደም በክትባት ሳጥን፣ በበረዶ መሀል ተቀምጦ መጣ። ፖታሲየሙን ስለካው በሊትር 7.1 ሚሊሞል ሆነ፤ ጤነኛው ከ3.5 እስከ 5 ሲሆን፣ ከ6.5 በላይ የሆነ ልብን በድንገት ሊያቆም ይችላል። ሴረሙን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጌ አየሁት፤ ንጹሕ ቢጫ ነው፣ ደሙ አልተሰባበረም። ኩላሊት የሚያስወግደው ክሬያቲኒን መጠኑ ጤነኛ ነው፣ ስለዚህ ኩላሊቷ እየሠራ ነው። ካልሲየሙም ስላልወረደ፣ ፖታሲየም ያለበትና ካልሲየምን የሚይዝ ኬሚካል ከሚገኝበት ከሐምራዊ ክዳን ቱቦ ተገልብጦ የገባበት ደም አይደለም። ቱቦው በእጄ ላይ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዞ ነበር። ወደ ጤና ጣቢያው ስልክ ደውዬ ተረኛውን ነርስ «እማማ እንዴት ናቸው?» ብዬ ስጠይቀው፣ ከዘመዶቻቸው ጋር ቡና እየጠጡ መሆናቸውን ነገረኝ። ቁጥሩን ዝም ብዬ ብለቀው ኖሮ ፖታሲየም የሚያወርድ መድኃኒት ይጀመርላቸው ነበር፤ ፖታሲየሙ ጤነኛ ለሆነ ሰው ይህ ራሱ አደጋ ነው። ውጤቱን በጥርጣሬ መያዜን ለሐኪሙ አስታውቄ፣ የልብ ምርመራ እንዲደረግላቸውና አዲስ ደም እንዲወሰድ ጠየቅሁ። እማማ በማግስቱ ራሳቸው መጡ፤ የልባቸው ምርመራ ደህና ሆነ፣ አዲሱ ፖታሲየም 4.3 ወጣ። ከዚያ ወዲህ ለጤና ጣቢያዎቹ የምንሰጠው መመሪያ፣ ደሙ እዚያው ተሽከርክሮ ሴረሙ ከሴሉ ተለይቶ እንዲላክ፣ ሴንትሪፉጅ የሌለው ጤና ጣቢያ ደግሞ ለፖታሲየም ታካሚውን እንዲልክልን ነው።

መጽሐፎቻችን የተጻፉት ለቆላና ለባሕር ዳርቻ አገር መሆኑንም አትርሱ። ተማሪ ሳለን በእጅ የሚሠሩ የድሮ ምርመራዎችን ስንለማመድ፣ መመሪያው «በፈላ ውኃ ውስጥ ይቆይ» ሲል 100 ዲግሪን እያሰበ ነው፤ በደብረ ብርሃን ከፍታ ግን ውኃ የሚፈላው ወደ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። የኢንዛይም ምርመራ ደግሞ ትክክለኛ 37 ዲግሪ ይፈልጋል። ማሽኑ በቀዝቃዛ ማለዳ እንደተነሣ ወዲያው ናሙና ከማስገባት ይልቅ እስኪሞቅ መጠበቅ፣ ኮንትሮሉን (መጠኑ አስቀድሞ የታወቀውን መፈተሻ ናሙና) ማሠራት፣ ነጥቡንም በሠንጠረዡ ላይ ማኖር ያስፈልጋል። ነጥቦቹ ለቀናት በአማካዩ በአንድ ወገን ብቻ ከተሰለፉ፣ ከተፈቀደው ወሰን ባይወጡም እንኳ፣ አንድ ነገር እየተንሸራተተ ነውና ምክንያቱን ፈልጉ።

የሕፃናትን ደም በተመለከተ ደግሞ ቁጠባ ከሁሉ ይቀድማል። አዲስ የተወለደ ሕፃን በኪሎ 80 ሚሊሊትር ገደማ ደም ነው ያለው፤ 3 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በጠቅላላ ሩብ ሊትር እንኳ አይሞላም። ከእርሱ 5 ሚሊሊትር መውሰድ ከአዋቂ ሰው 100 ሚሊሊትር እንደመውሰድ ነው። ስለዚህ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ የትኛው ምርመራ እንደሚቀድም መወሰን፣ በአንድ ናሙናም የሚቻለውን ሁሉ መሥራት የባዮኬሚስቷ ኃላፊነት ነው።

ሴት ስለመሆን ጥቂት ልበል። ቀደም ሲል በሠራሁበት አንድ ቦታ፣ ኃላፊው ሴቶቹን በሙሉ ናሙና መቀበያ ላይ መድቦ፣ ማሽኑን ለወንዶቹ ብቻ ይሰጥ ነበር፤ ማሽን ጉልበት ይጠይቃል፣ ሌሊትም ያስመሻል የሚል ምክንያት ነበረው። እኔና ባልደረቦቼ ሆነን ተራው በየወሩ እንዲዞር በጽሑፍ ጠየቅን፤ መልስ እስኪመጣ ድረስም የሕክምና መሣሪያ ጥገና ባለሙያው በመጣ ቁጥር አጠገቡ ቆሜ መብራቱን ሲቀይር፣ የናሙና መርፌውን ሲያጸዳ፣ ካሊብሬሽን ሲያደርግ (የማሽኑን ልኬት ሲያስተካክል) እያየሁ ጻፍሁ። ማሽኑ አንድ ሌሊት ሲቆም ሥራውን ያስነሣሁት በዚያ ማስታወሻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ተራው ዞረ። ቅሬታችሁን በቃል ብቻ አታቅርቡ፤ ጻፉት፣ ቀን አኑሩበት፣ ግልባጩን አስቀምጡ። ልጆቼ ትንንሽ በነበሩበት ጊዜ ደግሞ የሌሊት ተረኝነቴን የቻልኩት በእናቴና በባለቤቴ ነው፤ ይህን ድጋፍ ሴቶች ሳያፍሩ መጠየቅ አለባቸው ብዬ አምናለሁ።

ወደፊት በዞናችን እንዲጀመር የምመኘውና ተማሪዎቼን የማዘጋጅበት ሥራ የአዲስ ሕፃናት ምርመራ ነው። ሂክማንስና ባልደረቦቿ በሽታው በምግብ እንደሚገታ ስላሳዩ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካዊው ሮበርት ጉትሪ ከሕፃን ተረከዝ በወረቀት ላይ በሚወሰድ የደም ጠብታ በሽታውን ቀድሞ የማወቂያ ዘዴ አመጣ። ሕክምና ባይኖር ኖሮ ቀድሞ ማወቁ ለማንም አይጠቅምም ነበር። ለእኛ ደጋ አገር ከፌኒልኬቶኑሪያ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ከውልደት ጀምሮ የሚኖር የታይሮይድ ሆርሞን እጥረት ነው፤ በዓለም ላይ ከ2,000 እስከ 4,000 ከሚወለዱ ሕፃናት አንዱን ይይዛል፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ካልታከመም አእምሮን ይጎዳል። መድኃኒቱ በየቀኑ የሚወሰድ ርካሽ ክኒን ሲሆን፣ ምርመራውም በዚያው የወረቀት ጠብታ ይሠራል።

ደሙን የምትወስደው አዋላጅ ወይም የላቦራቶሪ ባለሙያ ከአሁኑ ልትለምደው ስለሚገባ አሠራሩን ላስቀምጥ። ሕፃኑ ከተወለደ ሁለት ቀን ቢሞላው ይመረጣል። በእኛ ብርድ የሕፃን እግር ስለሚቀዘቅዝ፣ ለብ ባለ ውኃ በተነከረና ከ42 ዲግሪ ባልበለጠ ጨርቅ ተረከዙን ለሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ማሞቅ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ደሙ አይመጣም፣ ተረከዙን መጭመቅም ደሙን በሌላ ፈሳሽ ያቀጥነዋል። የሚወጋው የተረከዙ ጎን እንጂ መሀሉ ወይም የኋላው ጫፍ አይደለም። የመጀመሪያው ጠብታ በደረቅ ጥጥ ይጠረጋል፤ ቀጣዩ ትልቅ ጠብታ በክቡ ላይ በአንድ ወገን ብቻ አርፎ እስከ ጀርባው ድረስ እንዲጠልቅ ይደረጋል፣ በላዩ ላይ ሁለተኛ ጠብታ አይደረብም። ካርዱ ፀሐይና ምድጃ በማይደርስበት ቦታ፣ የደሙ ክብ ምንም ሳይነካው በአግድም ተቀምጦ ቢያንስ ለሦስት ሰዓት ይደርቃል፤ እርጥቡ ሳይለቀው በፖስታ የታሸገ ካርድ ስለማይለካ እናቲቱ ከቤቷ እንደገና እንድትመለስ ያስገድዳል።